ወረቀቱ የት ነው? የፍርድ ቤት መዝገብ ግልባጭ ስለማግኘት

(ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው በካኩማ የስደተኞች መጠለያ ለኢትዮጵያውያን ነዋሪዎች በቃል የተሰጠ ንግግር ነው። ተናጋሪው በመጠለያው ውስጥ ለብዙ ዓመታት በአስተርጓሚነት ያገለገሉ ነዋሪ ናቸው።)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ወረቀት ነው። አሰልቺ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ጥቂት የማይባሉት አንድ ቀን ተከሰው፣ ወይም ከሰው፣ ወይም ለምስክርነት ተጠርተው የቱርካና ካውንቲን ፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጠዋል። ከእነዚህ ውስጥ የጉዳዩን መጨረሻ የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ወረቀት በእጁ ያለው ስንቱ ነው? እጅ አውጡ አልልም።

ከመካከላችን አንድ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም፤ እሱም እንዳልጠራው ነግሮኛል። ከብዙ ዓመት በፊት የሱቅ ዕቃ ሰርቀሃል ተብሎ ተያዘ፤ ታሰረ፤ ቀረበ፤ በመጨረሻም ነጻ ነህ ተብሎ ተለቀቀ። በተፈታ ዕለት እልል ያላችሁ እናቶች እዚህ አላችሁ። ከጊዜ በኋላ ለሦስተኛ አገር ቃለ መጠይቅ ተጠራና «ታስረህ ታውቃለህ?» ተባለ። እውነተኛ ሰው ነውና «አዎን» አለ። «ጉዳዩ በምን አለቀ?» «ነጻ ወጣሁ።» «ወረቀቱ የት ነው?» እንግዲህ ምን ይበል? «መንደሩ ሁሉ ያውቃል» አለ። የመንደሩ እውቀት ግን በዶሴ ውስጥ አይገባም። ጉዳዩ ወረቀቱ እስኪመጣ ተብሎ ወደ ጎን ተደረገ።

ያንን ወረቀት ለማግኘት ሰባት ወር ተመላለስን። ፍርድ ቤቱ አልከለከለንም፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። ሰባቱ ወር የሄደው እኛ ምን እንደምንጠይቅ፣ የት እንደምንጠይቅ፣ በምን ቁጥር እንደምንጠይቅ ባለማወቃችን ነው። ስለዚህ እናንተ ያንን ያህል እንዳትቸገሩ የተማርነውን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ሦስት ዓይነት ጽሑፎች እንዳይምታቱባችሁ። አንደኛው የእኛ ሽማግሌዎች የሚጽፉት ነው። በመጠለያው «ቤንች ኮርት» እያልን የምንጠራው የሽማግሌዎች ሸንጎ ሲያስታርቅና ካሣ ሲያስከፍል በደብተር ይጽፋል፤ ተከራካሪዎችም ይፈርማሉ። ሽማግሌዎቻችን ብዙ ደም እንዳይፈስ አድርገዋል፤ እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን ያ ደብተር የፍርድ ቤት መዝገብ አይደለም። ሁለተኛው የፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ነው። ኦ.ቢ. የሚባለው ትልቅ መዝገብ ላይ ማን መቼ ምን አመለከተ፣ ማን መቼ ተያዘ የሚለው ይጻፋል። ይህም ስለ ፍርዱ አይናገርም። ሦስተኛው ብቻ ነው የፍርድ ቤት መዝገብ፤ እሱም በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት የሚቀመጠው ዶሴ ነው። የቃዲ ፍርድ ቤት መዝገብም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ምክንያቱም ቃዲው በኬንያ ሕገ መንግሥት ለሙስሊሞች የጋብቻ፣ የፍቺና የውርስ ጉዳይ የተቋቋመ ፍርድ ቤት ነው።

አሁን «ለመሆኑ ስደተኛ መዝገብ የመጠየቅ መብት አለው ወይ?» ወደሚለው ልምጣ፤ በዚህ ጥያቄ ብዙ ሰው ይሰናከላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 በመንግሥት እጅ ያለን መረጃ የማግኘት መብትን ይሰጣል። የሚሰጠው ግን «ለእያንዳንዱ ዜጋ» ብሎ ነው። በ2016 የወጣው የመረጃ ሕግም እንዲሁ ስለ ዜጋ ነው የሚናገረው። አንዳንድ የተማሩ ልጆቻችን ይህን አንቀጽ ጠቅሰው ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ጸሐፊውም «አንተ ዜጋ አይደለህም» ብሎ ይመልሳቸዋል። በዚያ በር አትግቡ። የእኛ በር ሌላ ነው። አንቀጽ 48 ፍትሕ የማግኘት መብት «ለሁሉም ሰው» ነው ይላል፤ ክፍያ ቢኖርም ሰውን ከፍትሕ የሚያግድ እንዳይሆን ያዛል። አንቀጽ 50 ደግሞ የተከሰሰ ሰው ችሎቱ ካበቃ በኋላ በተገቢ ጊዜ ውስጥና በሕግ የተወሰነ ተገቢ ክፍያ ከፍሎ የችሎቱን መዝገብ ግልባጭ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ተከሳሽ ይላል እንጂ ዜጋ አይልም።

ከሕገ መንግሥቱ በታች ያለው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግም ይረዳናል። አንቀጽ 170 ተከሳሹ ከጠየቀ የፍርዱ ግልባጭ ሳይዘገይና ያለ ክፍያ እንዲሰጠው ያዛል። የሚቻል ከሆነም በራሱ ቋንቋ ተተርጉሞ እንዲሰጠው ይላል። ካኩማ ላይ በአማርኛ ተተርጉሞ ይሰጠኛል ብላችሁ አትጠብቁ፤ የእንግሊዝኛው በነጻ እንዲሰጣችሁ ግን ጠይቁ። አንቀጽ 392 ደግሞ ተከሳሽ ባይሆንም ፍርዱ የሚነካው ሰው እየከፈለ የመዝገቡን ግልባጭ መውሰድ እንደሚችል ይናገራል። ፍርድ ቤቱም ልዩ ምክንያት ካየ ክፍያውን ሊምር ይችላል። ሦስቱን ቁጥሮች ጻፏቸው፦ የሕገ መንግሥቱ 50፣ የሥነ ሥርዓቱ 170 እና 392። ጸሐፊ ፊት ቆማችሁ ለመከራከር ሳይሆን በማመልከቻችሁ ላይ በአንድ መስመር ለመጥቀስ ነው።

ችሎት በኬንያ በግልጽ የሚካሄድ ነው፤ ማንም ገብቶ መቀመጥ ይችላል። ታዲያ ዶሴውን ማንም ገብቶ ያገላብጣል ማለት አይደለም። የሌላ ሰው መዝገብ ማየት የሚፈልግ ሰው ለምን እንደሚፈልገው በጽሑፍ ማስረዳትና የመመልከቻ ክፍያ መክፈል አለበት። ባሏ የሞተባት ሴት የባሏን መዝገብ ስትፈልግ የሞት ማስረጃና የጋብቻ ማስረጃ ይዛ ብትሄድ ጉዳይዋ ይቀላል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልግባ። እሱም የመዝገብ ቁጥር ነው። ዶሴ የሚገኘው በሰው ስም ሳይሆን በቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ሦስት ነገር ይይዛል፦ የጉዳዩን ዓይነት፣ ተራ ቁጥሩን፣ ዓመቱን። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በኮምፒዩተር በሚከፈቱት መዝገቦች ላይ ከተራ ቁጥሩ ፊት «ኢ» የሚል ፊደል አለ፤ እሱን ስትገለብጡ እንዳትጥሉት። «ኢ» ያለው 45 እና «ኢ» የሌለው 45 ሁለት የተለያዩ ሰዎች ዶሴዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ቁጥሩ ከጠፋባችሁ ወዴት ትሄዳላችሁ? መጀመሪያ ቤታችሁን ፈትሹ። የዋስ ገንዘብ ያስያዘ ሰው ደረሰኝ ተሰጥቶታል፤ በደረሰኙ ላይ የመዝገቡ ቁጥር አለ። ይህን ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ በጥሬ ገንዘብ የተያዘ ዋስትና ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለሳል። ከእኛ ሰዎች መካከል የመንግሥት ነው ብለው ትተውት የሚቀሩ አሉ። ደረሰኙንና የዳኛውን ትእዛዝ ይዛችሁ ጠይቁ። ከደረሰኝ ሌላ መጥሪያ፣ የክስ ወረቀት፣ የእስር ቤት ወረቀት ቁጥሩን ይይዛሉ። ምንም ከሌለ የተያዛችሁበት ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። የኦ.ቢ. ቁጥር ተራውን፣ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በመስመር እየከፈለ ይጽፋል፤ ከዚያ ተነሥቶ ጣቢያው የፍርድ ቤቱን ቁጥር ሊያገኝ ይችላል። ፍርደኛ ሆኖ የታሰረ ከሆነ ደግሞ የሎድዋር ወህኒ ቤት የመዝገብ ክፍል ማን በየትኛው መዝገብ እንደታሰረ ያውቃል።

ይህ ሁሉ ካልተገኘ በስምና በዓመት ማስፈለግ ይቀራል። እዚህ ላይ ነው እኛ ኢትዮጵያውያን ከሱዳኑም ከሶማሌውም በላይ የምንቸገረው። ያ ወንድማችን «በሚያዝያ 2003 ነው የተከሰስኩት» አለኝ። እኔም ሳላስብ ያንኑ ጻፍኩ። መዝገብ ቤቱ የ2003ን መዝገብ አገላብጦ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» አለን። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ሌሊት ተኝቼ ሳለሁ ነው ነገሩ የመጣልኝ። የእኛ ሚያዝያ 2003 የእነሱ አፕሪል 2011 ነው። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደን ነበር የምንፈልገው! ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አካባቢ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ጨምሩ። ባታውቁት ሁለቱንም ዓመት ጻፉ።

ስምም እንዲሁ ነው። እኛ በራሳችን ስም ነው የምንጠራው፤ የኬንያ ጸሐፊ ግን የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዘዋል። ስለዚህ በአያታችሁ ስም ተመዝግባችሁ ይሆናል። ደግሞ የፊደሉ ነገር አለ። ጸጋዬን አንዱ በ«ቲ» ሌላው በ«ኤስ» ይጀምረዋል። ኃይለ ማርያምን አንዱ ባንድነት፣ ሌላው ለሁለት ከፍሎ፣ ሦስተኛው «ማርያም»ን ጥሎ ይጽፈዋል። የወንድማችን ስም በመጨረሻ የተገኘው ራሱም አይቶት በማያውቀው አጻጻፍ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ስማችሁ በእንግሊዝኛ ሊጻፍ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ደርድሩ። አብሯችሁ የተከሰሰ ሰው ካለ የእሱንም ስም ጨምሩ፤ አንዳንድ ጊዜ መዝገቡ በመጀመሪያው ተከሳሽ ስም ብቻ ነው የሚገኘው።

የት ነው የምትጠይቁት? ጉዳዩን ያየው ፍርድ ቤት ዘንድ ነው። ዛሬ ካኩማ የራሱ የማጅስትሬት ፍርድ ቤት አለው። ቀደም ባሉት ዓመታት ግን የሎድዋር ዳኛ ወደዚህ እየመጣ በተዘዋዋሪ ችሎት ያይ ነበር፤ ብዙ ጉዳይም እዚያው ሎድዋር ይታይ ነበር። ስለዚህ «የተፈረደብኝ ካኩማ ነው» የሚል ሰው ዶሴው ሎድዋር ሊሆን ይችላል። ይግባኝ የተባለበት የቆየ ጉዳይ ደግሞ ሎድዋር የከፍተኛው ፍርድ ቤት መቀመጫ ከመሆኗ በፊት ወደ ኪታሌ ይሄድ ነበር። የእኛ ሰውዬ ፋይል ሎድዋር ነበር። አንድ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለሚያውቀው ግን ከኪሎ ሜትሩ የሚከብደው የመንቀሳቀሻ ፈቃዱ ነው። ከስደተኞች ጉዳይ መምሪያ ፈቃድ ስትጠይቁ «ለግል ጉዳይ» ብላችሁ አትጻፉ። ገቢ የተደረገበትን የማመልከቻችሁን ቀሪ አያይዛችሁ «ለፍርድ ቤት ጉዳይ» በሉ። ፈቃድ ሳይኖር መንገድ ላይ መያዝ ሌላ መዝገብ መክፈት ነው!

ስለ ማመልከቻው ልንገራችሁ። በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ ይጻፍ፤ የበታች ፍርድ ቤቶች ቋንቋ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። አንድ ገጽ ይበቃል። ለመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ተብሎ፣ የጉዳዩ ቁጥር፣ የተከራካሪዎቹ ስም፣ ጉዳዩ ያለቀበት ቀን፣ እናንተ በጉዳዩ ማን እንደነበራችሁ፣ የትኛውን ወረቀት እንደምትፈልጉ፣ ለምን እንደምትፈልጉት፣ የስልክ ቁጥራችሁ። የስደተኛ መታወቂያችሁን ኮፒ አያይዙ። የመከራችሁን ታሪክ ከሀገር ከወጣችሁበት ቀን ጀምራችሁ አትጻፉ። አንድ አባት አራት ገጽ ጽፈው መጡና ጸሐፊው ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ አስቀመጠው። ቁጥሩ የነበረው አራተኛው ገጽ ላይ ነው።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን ስታስገቡ በቀሪው ላይ የገባበት ቀን ያለው ማኅተም አስመቱ። ከዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። ምክንያቱን ላስረዳ። በወንጀል ጉዳይ ይግባኝ የሚባለው ፍርዱ በተሰጠ በ14 ቀን ውስጥ ነው። አሥራ አራት ቀን ምንም አይደለም፤ ሰው ከድንጋጤው ሳይወጣ ያልቃል። ነገር ግን ያው ሕግ በአንቀጽ 349 የሚለው አለ፦ ሰውየው የፍርዱንና የመዝገቡን ግልባጭ ጠይቆ በተገቢ ጊዜ ስላልተሰጠው ቀኑ ያለፈበት እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን መቀበል አለበት። «ጠይቆ» ለሚለው ቃል ማስረጃው ምንድን ነው? ያ ማኅተም ያለበት ቀሪ ነው። በቃል የጠየቀ ሰው አልጠየቀም። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ደግሞ ይግባኙ 30 ቀን ነው፤ ግልባጩን ለማዘጋጀት የወሰደውን ጊዜ ፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ካረጋገጠ ከ30ው ቀን ላይ ይቀነስላችኋል። ያንን የማረጋገጫ ወረቀት ግልባጩን በምትቀበሉበት ዕለት ጠይቁ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

የምትፈልጉትን ወረቀት በስሙ ጥሩት። «ፋይሌን ስጡኝ» ብትሉ ማንም አይሰጣችሁም፤ ፋይሉ ከፍርድ ቤት አይወጣም። በውስጡ ግን የተለያዩ ወረቀቶች አሉ። የክስ ወረቀት አለ። የችሎቱ ቃል አለ፤ ምስክሮች የተናገሩትን ዳኛው በእጁ የጻፈው ሲሆን፣ በእጅ የተጻፈ ከሆነ መተየብና መታረም ስላለበት ከሁሉም የሚዘገየው እሱ ነው። ፍርዱ አለ። ትእዛዝ አለ፤ በፍትሐ ብሔር ደግሞ ውሳኔውን ባጭሩ የሚያስቀምጥ ወረቀት አለ። ለይግባኝ ከሆነ የችሎቱ ቃልና ፍርዱ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ለቃለ መጠይቅ ወይም ለሥራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የክስ ወረቀቱና የመጨረሻው ፍርድ ወይም ትእዛዝ ይበቃል። እኛ ሰባት ወር ከቆየንበት ውስጥ ሁለቱ የችሎቱን ቃል ሙሉውን ስለጠየቅን የባከነ ነው፤ የሚያስፈልገን አንድ ገጽ ነበር። ሁልጊዜም «ትክክለኛ ግልባጭ» መሆኑ በማኅተምና በፊርማ የተረጋገጠ እንዲሆን ጠይቁ። ተራ ፎቶ ኮፒ ሌላ ቢሮ አይቀበለውም።

የክፍያው መጠን በፍርድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው የአገልግሎት ቻርተር ላይ አለ፤ አንብቡት ወይም የሚያነብ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። ክፍያው ወደ መንግሥት ሒሳብ በኤም-ፔሳ ወይም በባንክ ነው፤ ደረሰኝ አለው። ለሰው እጅ የሚሰጥ ገንዘብ፣ ለሰው የግል ስልክ የሚላክ ገንዘብ የፍርድ ቤት ክፍያ አይደለም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ «እኔ አስቸኩልልሃለሁ» ላለኝ ደላላ ሰጥቻለሁ፤ ሰውየው የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ እንኳ አልነበረም። መክፈል የማትችሉ ከሆነ ይህንኑ በማመልከቻው ላይ ጻፉ። በ2016 የወጣው የነጻ ሕግ ድጋፍ ሕግ ስደተኛን በስም ጠቅሶ ድጋፍ ከሚያገኙት መካከል ቆጥሮታል። በመጠለያው የሚሠራው የኬንያ የስደተኞች ኅብረት፣ እኛ አር.ሲ.ኬ. የምንለው፣ የሕግ ምክር ይሰጣል።

ስለ ቀጠሮ ሰዓትም ላስታውስ። ስዋሂሊ እንደ እኛ ነው የሚቆጥረው፤ የጠዋቱ ሦስት ሰዓት በስዋሂሊም ሦስት ሰዓት ነው። መጥሪያ ግን በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ዘጠኝ ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ነው ብሎ ከሰዓት በኋላ የመጣ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙ ተጠርቶ ቀርቷል ተብሎ የመያዣ ትእዛዝ ወጥቶበት ነበር።

ወረቀቱ ሲመጣ ምን እንደሚል ማወቅ አለባችሁ፤ «ተለቀቀ» ሁሉ አንድ አይደለምና። በአንቀጽ 215 ነጻ የተባለ ሰው ክርክሩ አልቆ ነጻ የወጣ ነው። በ210 የተባለ ደግሞ የከሳሽ ምስክሮች ተሰምተው ተከሳሹ መልስ የሚሰጥበት ነገር አልተገኘበትም ማለት ነው፤ ይህም ነጻ መውጣት ነው። የእኛ ሰው ይህ ነበር። ነገር ግን በአንቀጽ 87(ሀ) የሚል ትእዛዝ አለ። ይህ ተከሳሹ ለመከላከያው ሳይጠራ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ማንሣቱ ነው፤ በዚያው ነገር እንደገና መከሰስን አይከለክልም። አንድ ወጣት በሁሉም ቅጽ ላይ «ነጻ ተብያለሁ» እያለ ይሞላ ነበር፤ ወረቀቱ ሲመጣ 87(ሀ) ይላል። ልጁ አልዋሸም፤ ዳኛው ያለው ሲተረጎምለት «ሂድ» ብቻ ነው የሰማው። ይህን ደግሞ እኔም እንደ አስተርጓሚ ለራሴ እወስደዋለሁ፤ ችሎት ውስጥ አንቀጹን ሳልጠቅስ የተረጎምኩባቸው ቀናት ነበሩ። ቅጽ ላይ ወረቀቱ የሚለውን ብቻ ሙሉ።

የልጆች ጉዳይ ለብቻው ነው። ልጅ ያለበት መዝገብና አንዳንድ የመደፈር ጉዳዮች ለማንም አይገለጡም፤ ይህም ተገቢ ነው። እናት ወይም አባት ግን የራሳቸውን ጉዳይ ትእዛዝ መጠየቅ ይችላሉ። ከባለቤታችሁ የተለያያችሁ እናቶች ይህን አስተውሉ። ልጅ ይዛችሁ ወደ ሦስተኛ አገር ስትጠሩ «የልጁ አሳዳጊ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ሽማግሌዎች «ልጁ ከእናቱ ይሁን» ብለው የጻፉት ለሰላማችሁ ይጠቅማል፤ የሚጠየቀው ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። ትእዛዙ ካላችሁ አሁን ግልባጩን አውጡ። ከሌላችሁ ደግሞ የሕግ አማካሪዎችን ከቀጠሮው በፊት አነጋግሩ እንጂ ከቀጠሮው ማግሥት አይሁን።

ፋይሉ ጠፋ ቢሏችሁስ? ይህ ይሆናል። ያን ጊዜ ሁለት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ ተፈልጎ አለመገኘቱን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ «አልተገኘም» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከባዶ እጅ ይሻላል። ቀጥሎ በእጃችሁ ያሉትን ወረቀቶች ሁሉ ኮፒ አቅርቡና ዶሴው እንደገና እንዲዋቀር አመልክቱ። ከፖሊስና ከዐቃቤ ሕግ ዘንድም ቅጂ ሊኖር ይችላል። ታራች ሲሞላ ቤታችሁ የገባው ውኃ የበላባችሁን ወረቀት እነሱ ዘንድ ልታገኙት ትችላላችሁ። አሮጌ መዝገቦች በሕግ የሚወገዱበት ሥርዓት እንዳለም እወቁ። ፍርድ ቤቱ ከማስወገዱ በፊት በመንግሥት ጋዜጣ ያስታውቃል፤ የሚወገዱት ዝርዝርም በመዝገብ ቤቱ ይታያል። «ልጄ ሲያድግ አወጣዋለሁ» የሚባል ነገር አይደለም።

ስልክ ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ በኬንያ ሎው ድረ ገጽ ላይ ፍርዶችን በነጻ መፈለግ ትችላላችሁ። የሎድዋሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች በብዛት አሉበት። የማጅስትሬት ፍርዶች ግን ሁሉም አይገኙም፤ እዚያ የለም ማለት መዝገብ የለም ማለት አይደለም። ከስልክ የወረደው ለማንበብና ቁጥሩን ለማግኘት ይጠቅማል እንጂ ማኅተም ያለበትን አይተካም። በነገራችን ላይ፣ እናንተ የምታነቡትን ቶሮንቶ ያለው አማታችሁም ያነበዋል። ይህን ስል ፍርድ ቤት አትሂዱ ማለቴ አይደለም።

በመጨረሻ፣ ወረቀቱን በመስኮቱ በኩል ሲሰጧችሁ ደስ ብሏችሁ እጥፍ አድርጋችሁ አትሩጡ። እዚያው ቁሙ። ስማችሁ በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ነው? ቁጥሩና ዓመቱ ትክክል ነው? ማኅተም በየገጹ አለ? የእኛ ሰውዬ የመጀመሪያው ግልባጭ ሲሰጠው የአባቱ ስም ተሳስቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያየሁት ካኩማ ከደረስን በኋላ ነው። እንደገና ፈቃድ፣ እንደገና ማታቱ፣ እንደገና ሎድዋር። የሰባተኛው ወር ሥራ ይህ ነበር። ቃለ መጠይቁ ተቀጥሮለታል፤ ውጤቱን ገና አልሰማም።

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ መጥቻለሁ። ማመልከቻ መጻፍ የምትፈልጉ በዚህ በኩል ተሰለፉ። ፍርድ ከተሰጣችሁ 14 ቀን ያልሞላችሁ ካላችሁ እናንተ ቅደሙ፤ ሌሎቻችን እንጠብቃለን።